«በዛብህ እንዴት ሆነ?»
የመጽሐፍ ወዳጆች ታሪክ፦ ከያቭኔ እስከ ራዲዮ ትረካ

«ወጣቱ አያነብም፤ ወላጁም አያነብም» የሚለው ወቀሳ በየስብሰባው ይሰማል። እኔ ዘንድሮ ወቀሳውን ልተወውና ታሪኩን ላጫውታችሁ። ሰው አንድ መጽሐፍ አንብቦ ወይም ሲነበብ ሰምቶ ከወደደው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ለጎረቤቱ ይተርካል፣ «አንተስ ካላነበብከው ምን ቀረህ!» ብሎ ሰው ያስጨንቃል፣ ያልወደደ ሰው ካገኘ ደግሞ ይጣላል። እንዲህ ያለው ጨዋታ ረጅም ታሪክ አለው። አንደኛው ጫፍ ደግሞ ከዚሁ ከሰፈራችን አይርቅም።

ያቭኔን ሁላችንም እናውቃታለን። ከገደራ በመኪና ሩብ ሰዓት ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ70 ሮማውያን ቤተ መቅደሱን ሲያፈርሱት ረባን ዮሐናን ቤን ዛካይ ከኢየሩሳሌም ወጥተው ሊቃውንቱን የሰበሰቡት እዚያ ነበር። መሥዋዕቱ ሲቋረጥ በእጅ የቀረው መጽሐፍ ነው። ግን የትኛው መጽሐፍ? ሚሽና ውስጥ «ያዳይም» የሚባል ክፍል አለ፤ ረቢ ኤልዓዛር ቤን ዓዛርያ የየሺቫው አለቃ ሆነው በተሾሙበት ቀን የሁለት መጻሕፍት ነገር ተነሥቶ እንደተወሰነ ይነግረናል። አንዱ መኃልየ መኃልይ ነው፣ ልጆቻችን ሺር ሃሺሪም የሚሉት። ሁለተኛው መጽሐፈ መክብብ፣ ቆሄሌት። ጥያቄው ቅዱሳን ናቸው ወይስ አይደሉም የሚል ነበር። ያን ጊዜ ቅዱስ መጽሐፍ «እጅ ያረክሳል» ይባል ነበር፤ የነካው ሰው እጁን መታጠብ አለበት። ግራ ያጋባል፣ አይደል? ታልሙድ ምክንያቱን ሲናገር፣ ሰዎች ቅዱሱን እህልና ቅዱሱን ጥቅልል አንድ ላይ ስለሚያስቀምጡ ጥቅልሉ እንዳይበላሽ ነው ይላል።

እስቲ የሁለቱን መጻሕፍት ዓይነት አስቡት። አንደኛው የወንድና የሴት ፍቅር ግጥም ነው፤ ሁለተኛው ዓለምን አይቶ የሰለቸው የሚመስል ሰው ሐሳብ። በዛሬ የመጻሕፍት መደብር ቢሆኑ አንዱ «ፍቅር»፣ አንዱ «ፍልስፍና» የሚል መደርደሪያ ላይ ይቀመጡ ነበር። ስለ መኃልይ የተናገሩት ረቢ ዓቂቫ ናቸው። ሰውዬው ለመጽሐፉ ጥብቅና ከመቆማቸው የተነሣ፣ በመኃልይ ጉዳይ ጨርሶ ክርክር አልነበረም እስከ ማለት ደረሱ፤ ከሌሎቹ ጽሑፎች ሁሉም በላይ አስቀመጡት። የመጽሐፍ ፍቅር እንዲህ ነው፤ ሰውን ከመጠን በላይ ያናግረዋል። አንዳንድ መጻሕፍት ነገሩን «የያቭኔ ጉባኤ» እያሉ የቅዱሳት መጻሕፍት ዝርዝር በዚያ ቀን እንደተዘጋ ይጽፋሉ። የዛሬ ተመራማሪዎች ይህን አይቀበሉም፤ ክርክሩ በኋላም ቀጥሏል።

የእኛ አባቶች በዚህ ክርክር ውስጥ አልነበሩም። ሚሽናና ታልሙድ ሳይደርሷቸው በጎንደርና በትግራይ አገር ኖሩ። በእጃቸው የነበረው በብራና ላይ በግዕዝ የተጻፈው ኦሪት ነው፤ ከእሱም ጋር የያቭኔ ሊቃውንት የተዉአቸው መጻሕፍት ነበሩ። መጽሐፈ ኩፋሌን ውሰዱ፤ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ያለውን ጊዜ በኢዮቤልዩ እየቆጠረ የሚተርክ ነው። መጽሐፈ ሄኖክን ውሰዱ፤ የመላእክት፣ የከዋክብትና የሰማይ ደጆች መጽሐፍ ነው። ዛሬ አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ቢያነበው «ፋንታዚ ነው» ይላል፤ አልፈርድበትም። ሌላው ዓለም እነዚህን መጻሕፍት አጥቷቸው ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የሄኖክን የግዕዝ ቅጂዎች ይዞ አውሮፓ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1773 ነው። ከ1947 ጀምሮ ደግሞ እዚህ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ውስጥ የሁለቱም ቁርጥራጮች ተገኙ፤ ኩፋሌ በዕብራይስጥ፣ ሄኖክ በአራማይክ። ሙሉ ሆነው የተረፉት ግን በግዕዝ ነው። «ኢትዮጵያ ውስጥ ምን መጽሐፍ ነበር?» ብሎ ክፍል ውስጥ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ይህ ነው።

እውነቱን ለመናገር ብዙዎቹን መጻሕፍት ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር እንጋራቸው ነበር። ከእነሱ የተገኘ መጽሐፍ ሲገለበጥ ከእምነታችን ጋር የማይስማማው ቃል ይፋቃል ወይም ይለወጣል፤ የቀረው ይነበባል። ይህን አንዳንዱ ሰው ሲሰማ ያፍርበታል። እኔ አላፍርበትም፤ ብዕር ይዞ የሚያነብ አንባቢ ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ የራሳችን የሚባለው ደግሞ «ተአዘዘ ሰንበት» ነው። እዚያ ውስጥ ሰንበት ቀን ብቻ አይደለችም፤ በፈጣሪ ፊት ቆማ ለነፍሳት የምትማልድ ንግሥት የመሰለች ሴት ናት። በ1867 ወደ ቤተ እስራኤል የመጡት ዮሴፍ ሃሌቪ በ1902 ፓሪስ ላይ አሳተሙት። እናቶቻችን ሰንበትን እንደ እንግዳ ሴት የሚቀበሏት ከየት እንደመጣ የገረመው ልጅ ካለ፣ ከዚህ መጽሐፍ ይጀምር።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። እነዚያን መጻሕፍት ስንቱ ሰው ነበር ማንበብ የሚችለው? ጥቂት። ቄሶቹና ደብተሮቹ በግዕዝ ያነባሉ፤ ከዚያ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጉማሉ። በስግድ ቀን ሕዝቡ ጾሞ ተራራ ወጥቶ የሚሰማው ይህንን ነው። ስግድ እ.ኤ.አ. በ2008 በክኔሴት ሕግ ብሔራዊ በዓል ከሆነ ወዲህ ወጣቶቻችን በየዓመቱ ኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ብዙዎቹ ግን ንባቡ ሲጀመር ስልካቸውን ያወጣሉ። የሚነበበው ስለማይገባቸው እንጂ ባለጌ ስለሆኑ አይደለም። ድሮ መንደር ውስጥ ንባብ ማለት መስማት ነበር፤ ከተራራው ሲወርዱ፣ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲቀዳ፣ «ቄሱ ያሉት ነገር» እየተባለ ይወራል። ፊደል የማታውቅ አያት ስለ አብርሃምና ስለ ሙሴ ሞት ከማንም በላይ አስተያየት ነበራት። ይህን ያዙልኝ፤ ራዲዮው ላይ ስንደርስ ያስፈልገናል።

በመካከል ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ዶክተር ዣክ ፋይትሎቪች እ.ኤ.አ. በ1904 መጡ፤ ወጣቱን ታምራት አማኑኤልን ይዘው ወደ አውሮፓ ሄዱ፤ በ1923 አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ታምራት ኃላፊ ሆኑ። የፋይትሎቪች መጻሕፍት ዛሬ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ከዚህ በባቡር ተሂዶ የሚታይ ነው። አቶ ዮና ቦጋለ ደግሞ የአማርኛና የዕብራይስጥ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ።

የአማርኛ ልብ ወለድ የተጀመረው በሩቅ አገር ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለውን መጽሐፍ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ አሳተሙ። ቀጥሎ የኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ የከበደ ሚካኤል፣ የሌሎችም መጻሕፍት መጡ። ከበደ ሚካኤል «ሮሚዮና ዡልየት»ን በአማርኛ ሲያወጡ ተማሪው ቃል በቃል ይዞት ይዞር ነበር። ሁሉም ግን የከተማና የትምህርት ቤት ሰው ንባብ ነው። ገጠር አልደረሰም።

ገጠር የደረሰው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሐዲስ አለማየሁ መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙት። እሳቸው የጎጃም ሰው ናቸው፤ ጣሊያን ማርኮ ወስዶ አስሯቸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ቆንስላ ሠርተዋል። እኛ ዛሬ የምንሄድባቸውን መንገዶች ሄደውባቸዋል ማለት ነው። መጽሐፉ ወፍራም ነው፤ ከአምስት መቶ ገጽ በላይ። ይህን ያህል ወፍራም መጽሐፍ ያነበበውም ያላነበበውም እኩል የሚያወራው እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱ ራዲዮ ነው። በደርግ ዘመን የኢትዮጵያ ራዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» የሚል ዝግጅት ነበረው፤ የመድረክ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ክፍል በክፍል አነበበው። ማንበብ ማለት ያንስበታል። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ድምፁ ይቆጣል፤ ጉዱ ካሣ ሲናገር ሌላ ሰው ይሆናል፤ ሴቷ ስታለቅስ እንባው ይሰማል። ሰዓቱ ሲደርስ ሰው ሥራውን ትቶ ራዲዮ ወዳለበት ቤት ይሰበሰብ ነበር። ያመለጠው ደግሞ በማግስቱ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ሰላምታ ሳይጨርስ «በዛብህ እንዴት ሆነ?» ይለዋል፤ እንደ ዘመድ ነው የሚጠይቀው።

ስለ ስግድ ያልኩትን አስታውሱ። አንድ ሰው ያነባል፣ ሕዝቡ ይሰማል፣ ከዚያ ሁሉም አስተያየት ይሰጣል። ወጋየሁ አዲስ ነገር አላመጣም፤ ሕዝቡ ድሮ የሚያውቀውን የንባብ መንገድ ነው ያገኘው። ትረካው እስከ ዛሬ እየተሰማ ያለውም ለዚህ ይመስለኛል። ገደራም ክርያት ማላኺም እናቶች ወጥ እየሠሩ ከስልክ የሚያዳምጡት እሱኑ ነው።

የእኛ ሰው መጽሐፉን የወደደበት ግን የራሱ ምክንያት ያለው ይመስለኛል። በዛብህ ተምሯል፣ ጨዋ ነው፣ ድምፁ ያማረ ነው፤ ግን የድሀ ልጅ ነው። ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ ልጅ ናት። ዘርና አጥንት የሚቆጥረው አባት በመካከል ቆሟል። በአገር ቤት ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ተብሎ፣ «ቡዳ» ተብሎ፣ መሬት ተከልክሎ የኖረ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ የሌላ ሰው ታሪክ ነው ብሎ ይሰማዋል? ጉዱ ካሣ እውነቱን ስለተናገረ እብድ ተባለ፤ አባቶቻችን ሲስቁ የነበረው በእሱ አልነበረም፣ ከእሱ ጋር ነው። ወጣቶች ደግሞ ሩቅ አትሂዱ። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ክርያት ማላኺ ውስጥ የአንዳንድ ሕንፃዎች ነዋሪዎች ለኢትዮጵያውያን ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት ተስማምተዋል መባሉ በቴሌቪዥን ከተሰማ በኋላ ስንቶቻችሁ ሰልፍ ወጣችሁ። ማን ከማን ጋር ይጋባል፣ ማን ከማን ጋር ይጎራበታል የሚለው የፊታውራሪ መሸሻ ጥያቄ ነው። አገሩ ብቻ ተለወጠ።

በዚያው በደርግ ዘመን ሌላ ነገርም ሆነ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የንባብ ሽልማት በዩኔስኮ በኩል አገኘ። ስለ ደርግ ብዙ ክፉ ነገር ማውራት ይቻላል፤ ከወላጆቻችን መካከል ግን ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ፊደል የቆጠሩት በዚያ ዘመቻ የሆኑ አሉ። ጠይቋቸው። ፊደል ሲለዩ መጀመሪያ ምን እንዳነበቡ የማይረሳ ሰው አለ።

በአዲስ አበባ ግን ማንበብ አደገኛም ነበር። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» ቀድሞ በንጉሡ ዘመን ታግዷል። በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ወጣ። የስለላ መጽሐፍ ነው ብትሉ ነው፤ የፍቅር ነው ብትሉም ነው፤ የፖለቲካ ነው ብትሉ ደግሞ ያስገደለው እሱ ነው ይባላል። ስለ ኤርትራው ቀይ ኮከብ ዘመቻ በቦታው የነበረ ሰው የጻፈው ነውና መንግሥት ወዲያው ከገበያ ሰበሰበው። ሲሰበሰብ ፍላጎቱ ጨመረ። ሰው ከዋጋው ብዙ እጥፍ ከፍሎ ይገዛል፣ በሌሊት አንብቦ ጠዋት ለቀጣዩ ያስረክባል። በየካቲት 1976 ዓ.ም. በዓሉ ግርማ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እስከ ዛሬ መቃብሩ አይታወቅም። መጽሐፉ ግን በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል፤ እንግሊዝኛ የሚቀልላችሁ ልጆች በዚያ ጀምሩ።

ያንን ዓመት ልብ በሉ። የከተማው አንባቢ «ኦሮማይ»ን እየተደበቀ ሲያነብ የእኛ ቤተሰቦች ከጎንደርና ከትግራይ በሌሊት ወደ ሱዳን እየተጓዙ ነበር። ወደ 4,000 የሚጠጉ በመንገድና በካምፕ ቀሩ። በኦፐሬሽን ሙሴ ወደ 8,000 ሰዎች ደረሱ። መጽሐፍ ተሸክሞ የሚሄድ ማን ነበር? ቄሶቹ። ውኃና ስንቅ በሚቸግርበት መንገድ የብራና ኦሪት በጨርቅ ጠቅልለው ያመጡ አሉ። የመጽሐፍ ፍቅር በቃል ብቻ እንዳይመስላችሁ።

አንድ ታሪክ ደግሞ ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ ከሁሉም የምወደው ነው። ነቢይ መኮንን የሚባል ገጣሚ በደርግ ጊዜ ማዕከላዊ እስር ቤት ታስሮ ነበር። እስር ቤቱ ውስጥ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገባ፤ የማርጋሬት ሚቸል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»። መጽሐፉ አንድ፣ ማንበብ የሚፈልገው ብዙ። ነቢይ ወደ አማርኛ መለሰው። ወረቀት ግን የለም። ስለዚህ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ጻፈው፤ ወደ 3,000 የሚጠጋ ቁራጭ ሆነ። ለእስረኞቹ ይነበብላቸዋል፤ እነሱም ተከፋፍለው ይከራከራሉ፣ አንዱ ከስካርሌት ጋር፣ ሌላው ከሬት በትለር ጋር። ቁርጥራጮቹ በፓኮ ተደብቀው በሚፈታ ሰው በኩል ወጡ፤ በኋላ ተሰብስበው «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርዕስ ታተሙ።

እዚህ ላይ አንድ ወጣት «ያ መጽሐፍ እኮ ባሪያ ያሳደሩ ነጮችን ያሞግሳል፤ ጥቁሮቹን እንደ ሞኝ ነው የሚያሳያቸው» ይለኝ ይሆናል። ልክ ነው፤ ያሳያቸዋል። እኔም ያንን ክፍል ሳነብ ያመኛል። የማዕከላዊ እስረኞች ግን ባሪያ አሳዳሪውን አልነበረም ያዩት፤ አገሯ ተቃጥሎ፣ እርቧት፣ «አልሞትም» ያለች ሴት ነው ያዩት። ሁለቱም አንባቢ ትክክል ነው። እንዲያውም ለእኔ ጥሩ ክርክር ማለት ይህ ነው፤ የአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጅና የሃምሳ ዓመቱ አባት አንድ መጽሐፍ ይዘው አንዱ የሌላውን ዓይን ሲዋስ።

ችግራችን እዚህ ነው። አባት በአማርኛ፣ ልጅ በዕብራይስጥ። እዚህ አገር የዕብራይስጥ መጽሐፍ ሳምንት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1926 ቴል አቪቭ ሮትሺልድ ጎዳና ላይ በጥቂት ጠረጴዛዎች የተጀመረ ነው። በሰኔ ወር ልጆቹ ይሄዳሉ፣ የሚወዱትን ይገዛሉ፣ መርማሪም ፋንታዚም ኮሚክስም። ቤት ሲመጡ ግን ለእናት የሚነገር ነገር የለም፤ «ምን እያነበብህ ነው?» «ሰፈር» (መጽሐፍ)። አለቀ። እናትም ትናንት ማታ ያዳመጠችውን ትረካ ለማን ትንገር?

በዕብራይስጥ የሚጽፉ የእኛ ልጆች መኖራቸውን ብዙ ወላጅ አያውቅም። አስፉ በሩ በ2002 «ሌላ ጨረቃ» የሚል የአጫጭር ታሪኮች መጽሐፍ አወጣች። በ2008 የዖምሪ ተገምላክ አቬራ «አስተራይ» ወጣ፤ የጎንደር ልጅነትና የመንገድ ታሪክ ነው። በ2013 ዳልያ ቤቶሊን-ሸርማን ከኢትዮጵያ የመጡ ልጃገረዶች ትምህርት ቤትና ሰፈር ውስጥ የሚገጥማቸውን የምትተርክበትን «ዓለም እንዴት ነጭ ሆነ» የሚለውን አወጣች። ከሦስቱ እኔ «አስተራይ»ን አስቀድማለሁ። ዕብራይስጡ ውስጥ አማርኛው ይሰማል፤ ለአያት እየተረጎሙ ቢያነቡት አያት መንገዱን ራሷ ታርማለች፣ «የለም፣ ወንዙ በዚህ በኩል ነው» እያለች። የዳልያ መጽሐፍ ደግሞ ለአባቶች ይከብዳል፤ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ውስጥ ያሳለፉትን ያልነገሯቸውን ነው የምትነግራቸው። ለዚያ ነው ሊሰሙት የሚገባው።

ወጣቶች በበኩላቸው ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ትረካ ይጀምሩ። ፊደል የማይለይ ልጅም ይችላል፤ ድሮም ለሰሚ ነው የተነበበው። አርብ ከሰዓት፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ሳሎን ውስጥ ስልኩን ከፍታችሁ ከእናታችሁ ጋር ተቀመጡ። የማይገባ ቃል ሲመጣ አቁሙና ጠይቁ። መጀመሪያው ስለ በዛብህ እናትና አባት ስለሆነ ረዘም ይላል፤ ታገሡት። ሰብለ ወንጌል የምትመጣው ቆይታ ነው። መጨረሻውን ግን እናታችሁ ቀድማ ልትነግራችሁ ብትሞክር እምቢ በሉ።